ከዛፍ ጥላ ሥር ያለ ዩኒቨርሲቲ

የአንድን ከተማ ታላቅነት በሕንፃዎቹ ቁመትና በጎዳናዎቹ ስፋት መመዘን የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከተማው ለነዋሪው ሕዝብ የሚሰጠውን ክብር በእርግጥ ለማወቅ ለሚሻ ሰው ሌላ መመዘኛ አለ። ይኸውም ማንኛውም ሰው ገንዘብ ሳይከፍል፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ከየት መጣህ ሳይባል አረፍ የሚልበት፣ በልቡ ያለውንም አውጥቶ የሚናገርበት ሥፍራ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ቤተ መንግሥት ስለ ገዢው፣ ባንክ ስለ ባለ ገንዘቡ፣ ካቴድራል ስለ ምእመኑ ይናገራል። የሕዝብ መናፈሻ ግን ስለ ሁሉም ይናገራል፤ ዝም ባለበትም ጊዜ ዝምታው የሚነግረን ነገር አለ።

በትሪኒዳድና ቶቤጎ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን እምብርት የሚገኘው የውድፎርድ አደባባይ እንዲህ ካሉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። አደባባይ ይባል እንጂ በብረት አጥር የተከበበ፣ በአራት መንገዶች መካከል የታቀፈ፣ ዛፎች ያጠሉበት አነስተኛ መናፈሻ ነው። ከአንዱ በር ገብቶ በሌላው ለመውጣት የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ይበቃል። በመካከሉ ከብረት የተቀረጸ የውኃ ፏፏቴ፣ በአንድ ወገን ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ክብ መድረክ፣ በየመተላለፊያው ዳር አግዳሚ ወንበሮች አሉ። የካሪቢያን ቀትር ፀሐይ አስፋልቱን በሚያግልበት ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ጥላው ይሰበሰባል፤ የቢሮ ሠራተኛው ምሳውን ይዞ፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ ጡረተኛው ጋዜጣውን ይዞ ይመጣል። በአካባቢው ጎዳናዎች ‹ደብልስ› የሚሉትን፣ በሁለት ስስ የተጠበሰ ቂጣ መካከል የሽምብራ ወጥ የሚጨመርበትን ምግብ የሚሸጡ አሉ። ከኢትዮጵያ የሄደ ጎብኚ ሽምብራውን ሲቀምስ፣ ያችን ሩቅ ደሴት ከጠበቀው በላይ ትቀርበዋለች።

የመናፈሻው ጎረቤቶች የተመረጡ ናቸው። በስተ ምዕራብ የአገሪቱ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ‹ቀይ ቤት› ቆሟል። በስተ ሰሜን የከተማው ማዘጋጃ ቤትና ከፍተኛው የፍትሕ አዳራሽ አሉ። በስተ ደቡብ የእንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ በስተ ምሥራቅ የንግዱ መንገድ ፍሬድሪክ ስትሪት፣ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። ሕግ አውጪው፣ ዳኛው፣ ካህኑ፣ ነጋዴውና መጽሐፉ ዙሪያውን ቆመው ይህችን ቁራሽ መሬት ይመለከታሉ። በመካከል ያለው ሕዝቡ ነው። አንድ የቴአትር ሰው መድረክ ንደፍ ቢባል ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ለማግኘት ይቸገራል።

የሥፍራው ታሪክ በስሞቹ ውስጥ ተጽፎ ይነበባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሁሉ በፊት በፈረንሳይኛ ‹የነፍሳት አደባባይ› ይባል እንደ ነበር፣ ስሙም የደሴቲቱ ቀደምት ነዋሪዎች በጦርነት ካለቁበት ዘመን ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ይነገራል። ትሪኒዳድ በ1797 ከስፔን እጅ ወጥታ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ከወደቀች በኋላ ሥፍራው የጀርመን መሳፍንትን ግዛት ስም ወርሶ ‹ብሩንስዊክ አደባባይ› ተባለ። በ1808 ታላቅ ቃጠሎ የከተማውን አብዛኛውን ክፍል አጋየው። በ1813 የመጣው እንግሊዛዊ ገዢ ሰር ራልፍ ውድፎርድ ከተማውን እንደገና ሲያደራጅ ዛፍ አስተከለ፤ መንገድ አስነጠፈ። እንግሊዝ ከጀርመን ጋር በምትዋጋበት በ1917 የጀርመኑ ስም ተፍቆ በምትኩ የገዢው ስም ተተካ። እስከዚህ ድረስ ያሉት ስሞች ከላይ የወረዱ ናቸው። ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው ሁለት ስሞች ግን ገና ይመጣሉ፤ ክብሩን ያገኘው በእነርሱ ነው።

ስም አውጪዎቹ የሚያልፉ መሆናቸውን መሬቱ ራሱ መስክሯል። በ2013 ቀይ ቤቱ በሚታደስበት ጊዜ ከመሠረቱ ሥር የቀደምቱ ነዋሪዎች አጽምና መገልገያ ዕቃዎች ተገኙ። አጽሙ በ2019 በክብር እንደገና ተቀበረ። ‹የነፍሳት አደባባይ› የሚለው ጥንታዊ ስም እንዲያው ከአፈ ታሪክ ብቻ የፈለቀ እንዳልነበረ የሚያሳስብ ግኝት ነው።

በመናፈሻው መካከል ያለው ፏፏቴ በ1866 አንድ ባለ ሀብት ነጋዴ ለከተማው ያበረከተው ነው። ከዚያ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ፏፏቴ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ውኃ ደሙን አፈሰሰ። በ1903 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የከተማውን የውኃ አጠቃቀምና ክፍያ የሚመለከት አዲስ ሕግ ለማውጣት ተነሣ። ግብር ከፋዮቹ ተቃወሙ። ማርች 23 ቀን ሕጉ በቀይ ቤት ሲመከርበት ሕዝቡ ገብቶ ማዳመጥ ፈለገ፤ ገዢው ግን ቲኬት የሌለው ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። በመናፈሻው የተሰበሰበው ሕዝብ ጩኸቱን አሰማ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ ቀይ ቤቱም ከነመዛግብቱ በእሳት ተያያዘ። ፖሊስ ተኩሶ 16 ሰዎች ሞቱ፤ ከአርባ የሚበልጡ ቆሰሉ። ዛሬ የሚታየው ቀይ ቤት ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ተሠርቶ በ1907 የተከፈተው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሕዝቡን ያስቆጣው የውኃው ሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ራሱ ጉዳይ ሲመከር በሩ መዘጋቱ ጭምር ነበር። ቲኬት ትንሽ ወረቀት ናት፤ ሆኖም በአንድ ወገን የሚናገሩትን፣ በሌላ ወገን የሚነገርላቸውን ለይታ ታቆማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀይ ቤቱና በመናፈሻው መካከል ያለው ጠባብ መንገድ የአገሪቱ ፖለቲካ ሁሉ የሚሻገረው ወንዝ ሆነ።

ወንዙን ከተሻገሩት መካከል ስማቸው ከመናፈሻው የማይነጠለው ዶክተር ኤሪክ ዊሊያምስ ናቸው። በ1911 በትሪኒዳድ የተወለዱት እኒህ ሰው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንተው በ1938 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። የባሪያ ንግድና የእንግሊዝ ካፒታሊዝም የተሳሰሩበትን ገመድ የመረመረው መጽሐፋቸው በ1944 ታተመ። በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ቅኝ ገዢ መንግሥታት ባቋቋሙት የካሪቢያን ኮሚሽን ውስጥም ሠሩ። ኮሚሽኑ በ1955 ውላቸውን ሳያድስ ሲቀር፣ የተበደለ ምሁር እንደሚያደርገው ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አልተመለሱም። ጁን 21 ቀን 1955 ወደ ውድፎርድ አደባባይ መጥተው የሥራ ጠባቸውን ታሪክ ለሕዝቡ አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ ከእንግዲህም ከተወለዱበት አገር እንደማይወጡ አስታወቁ።

ከዚያ የተከተለው ነገር በትምህርት ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ነው። ዶክተሩ ቀደም ሲል በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ንግግር ያደርጉ ነበር፤ በ1954 ከአንድ መነኩሴ ምሁር ጋር ስለ አርስቶትልና ስለ ትምህርት ባደረጉት ክርክር አድማጩ እጅግ ብዙ ነበር። አሁን ግን ትምህርቱ ከጣሪያ ሥር ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ገባ። የወደብ ጫኝና አውራጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ከአፍሪቃ በባርነት ከመጡት የተወለደው፣ ከሕንድ በኮንትራት ሥራ ከመጡት የተወለደው ሁሉ ማታ ማታ ቆሞ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ባርነት ታሪክ፣ ስለ ስኳርና ስለ ነዳጅ ዘይት ያዳምጥ ጀመር። ሥፍራው ‹የውድፎርድ አደባባይ ዩኒቨርሲቲ› ተባለ። የመግቢያ ፈተና የለም፤ ዲፕሎማ የለም፤ ክፍያው እግርን ማድከም ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1956 የዶክተሩ ፓርቲ ተመሠረተ፤ በሴፕቴምበር በተደረገው ምርጫ ከ24ቱ መቀመጫዎች 13ቱን አሸነፈ። ኤፕሪል 22 ቀን 1960 ደግሞ በቻጓራማስ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሠፈር ለአገሪቱ እንዲመለስ ለመጠየቅ በዝናብ ሰልፍ የወጣው ሕዝብ በመናፈሻው ተሰብስቦ ሳለ የቅኝ አገዛዝ ምልክት የሆኑ ሰነዶች ተቃጠሉ። ኦገስት 31 ቀን 1962 ትሪኒዳድና ቶቤጎ ነፃ አገር ሆነች።

የዚህን ትምህርት ዓይነት ከወንበር ላይ ከሚሰጠው የሚለየው አድማጩ ዝም አለማለቱ ነው። የትሪኒዳድ ሕዝብ በካሊፕሶ ዘፈን ገዢዎቹን ሲሸነቁጥ የኖረ፣ በነገር መጎሻሸምን እንደ ጥበብ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። በአደባባዩ የሚናገር ሰው ከጎኑ ጥያቄ ይሰነዘርበታል፤ ቀልድ ይወረወርበታል፤ የተሳሳተ ቍጥር ቢጠራ ካንድ ጥግ እርማት ይመጣለታል። ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ‹በላ ልበልሃ› እየተባለ ከዛፍ ሥር በሚካሄደው የጥንት ሙግት ላይ ተሟጋቹ በግጥምና በምሳሌ፣ በእጁና በነጠላው ሲከራከር፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ዳኛም ተመልካችም ነበር። መንገደኛው እንኳ ቁም ተብሎ ፍርድ ይጠየቅ ነበር። የሁለቱ ልማዶች መነሻ የተለያየ ቢሆንም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ እውነት በአደባባይ ተፈትና ካልወጣች እውነትነቷ አይታመንም።

የሁለቱን አገሮች ሕዝቦች የሚያገናኝ ከዚህ የበለጠ የሚጨበጥ ታሪክም አለ። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የትሪኒዳድ የወደብ ሠራተኞች የኢጣሊያን መርከብ ጭነት አናወርድም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በለንደን ለኢትዮጵያ የቆመ የአፍሪቃውያን ወዳጆች ማኅበር መሪ ሆነው ተሟገቱ። እኒህ ታላቅ ጸሐፊ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ለመሰለፍ ራሳቸውን አቅርበው እንደ ነበር፣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን በማኅበሩ ውስጥ የሚያደርጉት ሥራ ይበልጥ እንደሚጠቅም መክረው እንደ መለሷቸው ጄምስ ራሳቸው በ1936 ጽፈዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን የጎበኙት በኤፕሪል 1966 ነው፤ ሠራተኛው ለኢትዮጵያ የዋለው ውለታ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

የጄምስ ስም እዚህ ላይ የሚነሣበት ሌላም ምክንያት አለ። ጄምስ ለዶክተር ዊሊያምስ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነበሩ። በ1958 ወደ አገራቸው ተመልሰው የፓርቲውን ጋዜጣ አዘጋጁ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተለያዩ። በ1960 ጄምስ በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ዘመናዊ ፖለቲካ ተከታታይ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ ግን ቅጂዎቹ ለአንባቢ እንዳይደርሱ በመንግሥት ታግደው በመጋዘን ተቀመጡ። በ1965 ጄምስ የክሪኬት ጨዋታ ዘጋቢ ሆነው ሲመለሱ ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ። ያው ዶክተሩ የተከራከሩበት ቤተ መጻሕፍት፣ ያው ለሕዝቡ ዕውቀት ይድረሰው ያሉበት ከተማ ነው። የዩኒቨርሲቲው መሥራች ወንዙን ተሻግረው ቀይ ቤት ገብተዋል፤ ከመስኮቱ ሲታይ መናፈሻው ሌላ መልክ ነበረው።

ትልቁ ፈተና በ1970 መጣ። በካናዳ ሞንትሪያል የዘር መድልዎን ተቃውመው ለተከሰሱ የካሪቢያን ተማሪዎች አጋርነት ለመግለጽ ፌብሩዋሪ 26 ቀን የተጀመረው ሰልፍ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አገር አቀፍ ንቅናቄ ሆነ። ወጣቶቹ የጠየቁት ግልጽ ነበር። ነፃነት ከተገኘ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ባንኩ፣ ነዳጁ፣ ስኳሩ ስለ ምን አሁንም በውጭ ባለ ሀብቶች እጅ ነው? የጥቁር ልጅ ስለ ምን ሥራ ያጣል? ማርች 12 ቀንም የአፍሪቃና የሕንድ ተወላጆች አንድ እንዲሆኑ ወደ ካሮኒ የሸንኮራ እርሻዎች በእግር ተጓዙ። የሚሰበሰቡት በውድፎርድ አደባባይ ነበር፤ ሥፍራውንም ‹የሕዝብ ምክር ቤት› አሉት። ይህ ሕዝቡ ያወጣው ሁለተኛ ስም ነው፤ በመንገዱ ማዶ ላለው ምክር ቤትም እንደ መልስ የተሰነዘረ ነበር።

ኤፕሪል 6 ቀን ባዚል ዴቪስ የተባለ ወጣት በፖሊስ ጥይት ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አስከሬኑን አጅቦ ወደ መቃብር ሸኘው። ኤፕሪል 21 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከሠራዊቱም መካከል ያመፁ ነበሩ። ዶክተር ዊሊያምስ ጆሯቸው በሚገባ ስለማይሰማ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጉ ነበር። መስማት የማይፈልጉት ነገር ሲመጣ መሣሪያውን ያጠፉታል የሚል ቀልድ በአገሩ ይነገር ነበር። ነገሩ ቀልድ ነው፤ የአካል ሕመም በማንም ላይ መሳለቂያ ሊሆን አይገባም። ሕዝቡ በቀልዱ የጠቆመው ግን ሌላ ሕመም ነው፤ እርሱም ሥልጣን ላይ ከወጣ ሰው ሁሉ ጆሮ አጠገብ የሚያደባው ነው።

የ1970ዎቹን ወጣቶች ከየት መጣችሁ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ቅርብ ነው። ከ1955ቱ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው። አባቶቻቸውና እናቶቻቸው በዚያው ዛፍ ሥር ቆመው፣ የስኳሩ ትርፍ ወዴት እንደሚሄድ የሰሙት ከዶክተሩ አንደበት ነው። መምህሩ ያስተማሩትን ጥያቄ ልጆቹ ለመምህሩ መልሰው አቀረቡላቸው። አንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ፍሬ ይመኛል? ሆኖም ፍሬውን እንደ ፍሬ መቀበልና እንደ ድንጋይ መፍራት የተለያዩ ናቸው። መንግሥቱ በመጀመሪያ እንደ ድንጋይ ፈራው። በኋላ ግን ከጥያቄው ቁም ነገር ሊሸሽ አልቻለም፤ በዚያው በ1970 ብሔራዊ የንግድ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1974 የሼል ኩባንያ የነዳጅ ሥራ በመንግሥት ተገዛ። ጠያቂዎቹ ታስረው ጥያቄያቸው በከፊል ተመለሰ። ይህም በብዙ አገሮች ታሪክ ውስጥ የሚታይ መራራ ሥርዓት ነው።

ክርክርን በጠመንጃ ለመተካት የተሞከረበትም ቀን አለ። ጁላይ 27 ቀን 1990 ጀማዓት አል ሙስሊሚን የተባለው ቡድን ታጣቂዎች ቀይ ቤቱን ሰብረው ገብተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከምክር ቤት አባላት ጋር ለስድስት ቀን አገቱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቆሰሉ፤ በከተማው ሰዎች ሞቱ፤ ሱቆች ተዘረፉ። በ1903 ሕዝቡ በሩ ይከፈት ብሎ ጮኸ፤ በ1990 ጥቂቶች ማንንም ሳይጠይቁ በሩን በጥይት ከፈቱት። ሁለቱን ለማመሳሰል የሚሞክር ይሳሳታል፤ የመጀመሪያው መስማትና መሰማት የፈለገ ነበር፤ ሁለተኛው ሌላውን ዝም ማሰኘት የፈለገ ነው።

ዛሬ ቀይ ቤቱ ታድሶ ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2020 ወደ ቀድሞ ሥፍራው ተመልሷል። መናፈሻውም እዚያው ነው። ጎብኚ በሥራ ቀን ቢገባበት ታላቅ ሰልፍ አያገኝ ይሆናል። የሚያገኘው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ የሚሰብክ፣ ስለ ኑሮ ውድነት የሚከራከር፣ ስለ ክሪኬት የሚጣላ ሰው ነው። ቤት የሌላቸው ሰዎች በአግዳሚው ላይ ተኝተው ያያል፤ እነርሱም የመናፈሻው ታሪክ ክፍል ናቸው። ከሕግ አውጪው ሕንፃ ፊት ለፊት በካርቶን ላይ የተኛ ሰው አንድም ቃል ሳይናገር የሚያቀርበው ጥያቄ ከ1955ቱም ከ1970ውም ጥያቄ አያንስም። አንዳንዶች ሥፍራው ይጽዳ፣ ሰዎቹ ይነሡ ይላሉ። የሚነሡት ወዴት ነው የሚለውን የሚመልስ ግን በመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ መውጣት ይኖርበታል።

ይህች ትንሽ መናፈሻ ለሚያስተምርና ለሚያደራጅ፣ ለሚጽፍና ለሚተውን ሰው የምታቀርበው ትምህርት ከባድ ነው። ሕዝብን ማንቃት ትልቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ የነቃ ሕዝብ እንደገና አይተኛም፤ ያነቃውም ሰው ከጥያቄው አያመልጥም። የመድረክ ሰው ይህንን ያውቃል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ገቢር የሰማውን ቃል በመጨረሻው ገቢር ያስታውሳል፤ ተዋናዩ ቢረሳው እንኳ ተመልካቹ አይረሳም። ዶክተር ዊሊያምስ ማርች 29 ቀን 1981 በሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ። ስማቸው በታላቅነት ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ግን ጸንቶ የሚኖረው፣ አንድ ጠዋት በአንድ ሕንፃ ውስጥ የፈረሙት ሰነድ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ምሽት ላይ ቆሞ ያዳመጠ አንድ ወደብ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለልጁ የነገረው ቃል ይሆናል። ልጁ አድጎ ወደዚያው ዛፍ ሥር ሄዷል፤ ያንኑም ቃል ይዞ መምህሩን ጠይቋል።